ስሜም የልደት ቀኔም የሌላ ሰው ሆኖ ስልክ ተከለከልኩ፦ የክሩ ሐተታ ከመነሻው እስከ መልስ 34

ክሩ፣ ማለትም በመድረካችን ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተሉት መልሶች፣ ረዝሟል። አዲስ የሚገባው ሰው ታች ታቹን ብቻ እያነበበ፣ ቁጥር 2 ላይ የተመለሰውን ቁጥር 30 ላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁሉንም በራሴ አነጋገር ከዚህ አስፍሬዋለሁ። የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አልገለበጥኩም፤ ስምና አድራሻ ያለባቸውንም ዘልያለሁ። አወያይ ነኝ ብዬ አስተያየቴን አልዋጥኩም፤ ያልጣመው ከታች ይሞግተኝ።

መነሻው

ጥያቄውን የከፈተው ፍራንክፈርት የሚኖር ልጅ ነው። ከእነ ስልኩ የሞባይል ኮንትራት ለመፈረም ሱቅ ይገባል፤ ሻጩ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ ያደርግና ማመልከቻህ ተቀባይነት አላገኘም ብሎ ይመልሰዋል። ለምን ቢለው እኔም አላውቅም። ልጁ ቋሚ ሥራ አለው፣ ኪራይ አሳልፎ አያውቅም፣ ተበድሮም አያውቅም። ጓደኛው ሹፋን ጠይቅ ይለዋል። ሹፋ ማለት በጀርመን የማን ዕዳ ተከፈለ፣ የማን ቀረ የሚለውን መዝግቦ ለባንክ፣ ለስልክ ድርጅትና ለቤት አከራይ የሚያቀብለው ኩባንያ ነው። ወረቀቱ ሲመጣለት ከአንድ የኢንተርኔት ሱቅ የተገዛ፣ ሳይከፈል ቀርቶ ኢንካሶ ወደሚሉት ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ 318 ዩሮ ተጽፎበት አገኘ። ከዚያ ሱቅ ካልሲ እንኳ ገዝቶ አያውቅም።

ነገሩ የተገለጠለት የቀድሞ አድራሻ የሚለውን መስመር ሲያይ ነው። እዚያ የሰፈረው መጀመሪያ ጀርመን ሲገባ የተቀመጠበት ሃይም የሚሉት የስደተኞች ማደሪያ ነው። በዚያው ሕንፃ፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ስሙም የአባቱም ስም ከእሱ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ሐበሻ ይኖር ነበር። የሁለቱም የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው፤ ዓመቱም ገጥሟል። ስም፣ ልደት፣ አድራሻ። ማሽኑ ሦስቱን አይቶ ሁለቱን ሰዎች አንድ አደረጋቸው።

ልጁ ምን ላድርግ ብሎ ብቻ ቢያበቃ ክሩ አምስት መልስም ባልሞላው ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ጂዲፒአር የሚባለው የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ለፈረንጅ እንጂ ለእኛ አልተጻፈም የምትል አንዲት ክስ ጣል አደረገ። እሳቱን ያነደደችው እሷ ናት።

መልሶቹ

ቁጥር 1 አይዞህ ባይ ነው። የአያትህን ስም ጨምርና ስምህን አስቀይር ይላል። ሐሳቡ ከልብ ቢሆንም ለ318 ዩሮ ብሎ ስም ማስቀየር ቁንጫ ለመግደል ቤት እንደማቃጠል ነው።

ቁጥር 2 ኮሎኝ የምትኖር፣ በሥራዋ ከደንበኞች ደብዳቤ ጋር የምትውል እህት ናት። ክሩን ያልጨረሰ እሷን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል። በዚሁ በጂዲፒአር አንቀጽ 15 አንድ ድርጅት ስለ አንተ የያዘውን ሁሉ ቅጂ በነፃ መጠየቅ ትችላለህ፤ ምክንያት መስጠትም አይጠበቅብህም። በአንቀጽ 16 ስህተቱ እንዲታረም ትጠይቃለህ። መልሱ በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት፤ ጉዳዩ ከተወሳሰበ ሁለት ወር ሊጨመር ይችላል፣ እሱንም ቢሆን በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሊያሳውቁህ ይገባል። ከሁሉ በላይ ያጎላችው ማንም የማይጠቅሰውን አንቀጽ 18 ነው። የመረጃውን ትክክለኛነት በጽሑፍ ከተቃወምክ፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ ድረስ ያ መረጃ እንዲታገድ መጠየቅ ትችላለህ፤ ማለትም ይቀመጣል እንጂ ለሌላ አይሰጥም። አብዛኛው ሰው እርማት ብቻ ይጠይቅና በመሃል ያ ዕዳ ለሦስት አከራዮች ይደርስበታል ትላለች። ሌላም ምክር አላት፦ ሹፋ በገንዘብ የሚሸጠውን ሰነድ ሳይሆን በአንቀጽ 15 የሚሰጠውን ነፃውን ቅጂ ጠይቅ። ድረ ገጹ ላይ ነፃው ከሚከፈልበት ይልቅ ለዓይን ይርቃል።

ቁጥር 3 ደስ ብሎት ገባ። ሕጉ 20 ሚሊዮን ዩሮ ስለሚያስቀጣ ክሰስና ሀብታም ሁን ይላል። ቁጥር 4 አንገቱን ይዞ መለሰው። ቅጣቱ ለመንግሥት ካዝና ነው፤ ለተበዳዩ ያለው አንቀጽ 82 ነው። እሱም ቢሆን የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሜይ 4 ቀን 2023 በኦስትሪያ ፖስታ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ሕጉ መጣሱ ብቻውን ካሳ አያስገኝም፤ ጉዳት መድረሱን ማሳየት አለብህ፤ ጉዳቱ ግን የግድ ከባድ መሆን የለበትም። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 18 ቀን 2024 ከፌስቡክ ስለተዘረፉ ስልክ ቁጥሮች ሲወስን፣ በራስ መረጃ ላይ ቁጥጥር ማጣት በራሱ ጉዳት ነው ብሎ ለእንዲህ ዓይነቱ የጠቆመው ገንዘብ 100 ዩሮ አካባቢ ነው። ቁጥር 4 እውቀቱ የተባረከ ነው፤ አንደበቱ ግን ሰው ያስቀይማል። ቁጥር 3 ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ቁጥር 5 አቤቱታውን ቦን ላለው የፌዴራል የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጻፍ ሲል፣ ቁጥር 6 አስተካከለው። ቦን የስልክ ድርጅቶችን ነው የሚቆጣጠረው፤ ሹፋ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቪስባደን ስለሆነ ተቆጣጣሪው የሄሰን ግዛት ባለሥልጣን ነው። ልጁ ሁለት ተከሳሽ ስላለው ሁለት ደብዳቤ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይኸው ሰው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 7 ቀን 2023 በሹፋ ላይ የሰጠውንም ውሳኔ አነሳ፦ ባንኩ ወይም ሻጩ በዋነኛነት ሹፋ ይህ ሰው ዕዳውን ይከፍላል ወይስ አይከፍልም ብሎ በሚሰጠው ነጥብ ላይ ተመርኩዞ እንቢ የሚል ከሆነ፣ ነጥቡን ማውጣቱ ራሱ በማሽን ብቻ የተሰጠ ውሳኔ ይሆናል፤ ሕጉ ደግሞ ያንን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ሻጩ እኔም አላውቅም ማለቱ እዚህ ላይ ለልጁ ማስረጃ ነው።

ከ7 እስከ 11 ያለው የጃንዋሪ 1 ልጆች፣ ማለትም ትክክለኛ ቀናቸው ስላልታወቀ በዚያ ቀን የተመዘገቡ ሰዎች፣ ስብሰባ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሳቅኩ። አንዱ ቤቱ ያሉት አምስቱም የተወለዱት በአንድ ቀን እንደሆነ፣ የከተማው አስተዳደርም በየዓመቱ አምስት የመልካም ልደት ካርድ በአንድ ፖስታ እንደሚልክላቸው ነገረን። ሌላዋ ከእስራኤል ገብታ፣ በእሷ ዕድሜ ከጎንደር የወጡት ዘመዶቿ ልደታቸውን በግምት ያስመዘገቡ መሆናቸውን አወሳች። እናቷ የምታውቀው ለመስቀል ሰሞን እንደወለደቻት ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ግን መስቀልን የሚጽፍበት ሳጥን አልነበረውም። ቁጥር 9 ላይ አንዲት እናት በ1977 ዓ.ም. መወለዳቸውን፣ ፋይላቸው ላይ ግን 1977 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደተገለበጠ፣ ስለዚህም ከእኩዮቻቸው ቀድመው ጡረታ እንደሚወጡና ማንም እንዳያርምባቸው በቀልድ ጻፉ። ቁጥር 10 በአደባባይ የማጭበርበር ምክር አይሰጥም ብሎ ጮኸባቸው። ቁጥር 11 ደግሞ ሴትዮዋ ያጭበረበሩት ነገር የለም፣ የገለበጠው ጸሐፊው ነው ብሎ ተሟገተላቸው። እኔ ከ11 ጋር ነኝ፤ ቢሆንም እትዬ፣ የጡረታ መሥሪያ ቤቱም ኢንተርኔት ያነባል።

ከቀልዱ በኋላ ቁጥር 12 ክሩን ወደ ቁም ነገር መለሰው። በ2019 ዲሴምበር አይንስ ኡንድ አይንስ የተባለው የጀርመን ስልክና ኢንተርኔት ድርጅት 9.55 ሚሊዮን ዩሮ የተቀጣበትን ታሪክ ከሥሩ ተረከው። አንዲት ሴት የጥሪ ማዕከሉ ጋ ትደውላለች፣ የቀድሞ ፍቅረኛዋን ስምና የልደት ቀን ትሰጣለች፣ አዲሱን ስልክ ቁጥሩን ይነግሯታል። ከዚያ በኋላ ሰውየው መከራውን አየ። የማንነት ማረጋገጫው ስምና ልደት ብቻ ነበር። ቁጥር 13 ወዲያው ጣልቃ ገብቶ፣ የቦን ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2020 ቅጣቱን ወደ 900,000 ዩሮ እንዳወረደው ጨመረ። እንግዲህ አሥር እጅ ገደማ መቀነሱን ልብ በሉ፤ ጥፋቱ ግን አልተሻረም።

ቁጥር 14 ያመጣው ቅርብ ነው። ቮዳፎን ጀርመን በጁን 2025 በድምሩ 45 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። 15ቱ በስሙ ኮንትራት የሚያስፈርሙ ወኪል ሱቆችን ባለመቆጣጠሩ ነው፤ ከወኪሎቹ ሠራተኞች መካከል ደንበኛው የማያውቀውን ውል በስሙ የፈጠሩ ነበሩ። 30ው ደግሞ የደንበኛ መለያ ገጹና የስልክ መስመሩ ሲጣመሩ ማረጋገጫው ላልቶ፣ ሌላ ሰው የደንበኛውን ኢሲም (ካርድ የሌለው ዲጂታል ሲም) ሊያወጣ ይችል ስለነበር ነው። ኢሲም የያዘ ሰው ከባንክ የሚላከውን ኮድ ያዘ ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ የቁጥር 15 መልስ ነው። የማንነት ጥያቄያቸው ስምና የልደት ቀን ከሆነ፣ ፈረንጁ ቢያንስ ከ365 ቀን አንዱን ይዟል፤ እኛ ግን ግማሻችን በአንድ ቀን ተወልደን፣ በአምስት ስም ተጠርተን፣ በአንድ ሃይም ኖረናል። ለእኛ ያ ቁልፍ ለሁሉም በር ይከፍታል። ስለዚህ ሕጉ አልተጻፈልንም ከማለት ይልቅ፣ ከድርጅቱ ጋር ለስልክ ጥሪ የሚሆን የተለየ የይለፍ ቃል አስመዝግቡ ይላል፤ አብዛኞቹ ከተጠየቁ ያደርጉታል። ሹፋ የስልክ ኮንትራታችንን ከየት አወቀ ላሉትም መልስ ሰጥቷል፦ እስከ ኦክቶበር 2023 በጊዜው የሚከፈል ኮንትራት ሳይቀር እዚያ ይመዘገብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሹፋ እነዚያን አጠፋለሁ ብሏል፤ ያልተከፈለው ግን ዛሬም ይገባል።

ከ16 እስከ 21 ክሩ ከእጄ አመለጠ። አንዱ በየድረ ገጹ ብቅ ስለሚለው የኩኪ ፈቃድ ሳጥን አማረረ፤ ጥፋቱ የጂዲፒአር ሳይሆን በ2009 የተሻሻለው ኢፕራይቬሲ የሚባል ሌላ የአውሮፓ መመሪያ እንደሆነ ተነገረው፤ አልሰማም። ከዚያ ሮሚንግ፣ ማለትም በራስ ሲም በሌላ አገር መጠቀም፣ መጣ። ጋሼ፣ ሽቱትጋርት የሚኖሩት፣ ኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው ልጃቸው ቪዲዮ ሲያይ ስልኩ የስዊስን አንቴና እንደያዘና ሂሳቡ ምን እንደመሰለ አጫወቱን። ከጁን 15 ቀን 2017 ጀምሮ እንደ አገር ቤት ተጠቀም የሚለው ደንብ ለአውሮፓ ኅብረትና ለኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ሊክተንስታይን ነው፤ ከ2026 መጀመሪያ ወዲህ ዩክሬንና ሞልዶቫም ገብተውበታል፤ ስዊዘርላንድ የለችበትም። ቦሌ ወርዶ የጀርመን ሲሙን ለሚከፍት ሰው የሚጠቅመውን የጻፈው ቁጥር 19 ነው። ዋጋው ኢትዮጵያ ላይ አልተገደበም፤ ዳታው 50 ዩሮ ሲደርስ የሚቆረጥበት ደንብ ግን ከአውሮፓ ውጭም ይሠራል። ቀዳዳም አለው፦ የሄድክበት አገር ድርጅት ፍጆታህን በዚያው ሰዓት ለጀርመኑ የማያሳይ ከሆነ ገደቡ አይሠራም፤ ያኔ ድርጅቱ በመልእክት ሊያስጠነቅቅህ ይገባል። የቦሌን መልእክት ሳታነቡ አታጥፉ። ከአንዱ የኅብረቱ አገር ወደ ሌላው ሲደወል በደቂቃ ከ19 ሳንቲም አይበልጥም የሚለውም ወደ አዲስ አበባ አይሠራም። ቁጥር 21 ከዱባይ ገብታ እዚያ የዋትሳፕ ጥሪ የሚዘጋው በዚህ ሕግ ሊከፈት ይችል እንደሆነ ጠየቀች። አይችልም፣ እህቴ። ሌላ ክር ከፍቼላታለሁ።

ቡና ሲመጣ

እዚህ ላይ ይዘጋል ብዬ ሳስብ ቁጥር 22 መጣች። ሐምቡርግ በቡና አስመጪ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። የልጁ ታሪክ የእሷ የየቀን ሥራ እንደሆነ ነገረችን። ከጅማ ዞን ከአንድ ቀበሌ የመጣ የአርሶ አደሮች ዝርዝር ፊቷ ላይ አለ፤ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሦስት ሰው አለበት። የአያት ስም ሲጨመር ሁለት ቀሩ። ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ የአንድ ወጣት ቁጥር ለአራት ቤተሰብ ተሰጥቷል፤ ስልክ ያለው እሱ ነዋ። ስለዚህ ሰውየውን ከሰውየው የሚለየው መሬቱ ሆነ።

መሬቱን የሚጠይቀው የአውሮፓ የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ኢዩዲአር የሚሉት ነው። በ2023 የወጣ ሲሆን ቡና፣ ካካዎ፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ ፓልም፣ ከብትና እንጨት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ ከተመረተ አውሮፓ ገበያ አይገባም ይላል። አስመጪው ይህን ለማሳየት ምርቱ የበቀለበትን ማሳ መገኛ ያስገባል። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያውን፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። የእኛ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ስድስት አኃዝ ይጠየቅበታል።

ቁጥር 22 ይህን በዓይኗ አይታዋለች። የማኅበሩ ወጣት ስልኩን ይዞ ከጥላው ዛፍ ሥር ይቆማል። ስድስት አኃዝ ማለት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት መለየት ማለት ነው፤ ስልኩ ግን ቅጠሉ ሰማዩን ስለሸፈነበት ነጥቡን በሜትሮች ያንከራትተዋል። ወጣቱ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ አይረጋም፤ በመጨረሻ የታየውን ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ እጅግ የጠራ ቁጥር ነው። አንዳንዴም ነጥቡ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ይወድቃል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ሞክሼው ሊሆን ይችላል።

ቁጥር 23 ስለ ምርት ገበያው አስታወሰ። ከ2008 ጀምሮ ቡናው መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ይደባለቅ ስለነበር የማን እንደሆነ ዱካው ይጠፋ ነበር። አሁን በቀጥታ የሚልኩት ማኅበራትና አቅራቢዎች ይሻላሉ፤ ግን እሸት ቡናው መፈልፈያው በር ላይ ከሃምሳ ሰው ሲገዛ አንድ ጎድጓዳ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

ቁጥር 24 ተቆጣ። አውሮፓ የራሷን ጫካ በልታ ጨርሳ፣ ግማሽ ሄክታር ያለውን አባወራ የሳተላይት ካርታ አምጣ ትለዋለች፤ ራሷ ግን ሳትዘጋጅ ቀርታ ቀኑን ሁለት ጊዜ ገፍታዋለች። እውነት አለው፦ መጀመሪያ የተባለው ዲሴምበር 30 ቀን 2024 ነበር፣ ከዚያ 2025፣ አሁን ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለትንንሾቹ ጁን 30 ቀን 2027 ሆኗል። ቀድመው ገንዘብ አውጥተው ማሳ የለኩ ማኅበራት እንደ ሞኝ ተቆጠሩ። ቁጥር 25 ግን የቦንጋ ልጅ ነው፤ እሱን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2010 ዩኔስኮ ካፋን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የመዘገበው እንዲሁ እንዳልሆነ፣ ልጅ ሆኖ ያወቀው ጫካ ለሰፋፊ እርሻ ሲመነጠር ማየቱን፣ ገበሬውን የሚጎዳው የደንቡ ሐሳብ ሳይሆን ወጪውን ለገበሬው ማሸከሙ እንደሆነ ጻፈ። ሁለቱ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ተነካክተዋል፤ ስድብ ያለበትን አንዱን አጥፍቼዋለሁ።

ለእኔ የክሩ አውራ ቁጥር 26 ነው። ሆላንድ ሕግ የምታጠና ልጅ ትመስለኛለች። የአንድ ገበሬ ስምና የማሳው ነጥብ የግል መረጃ ነው አለች። ጂዲፒአር ደግሞ የሚጠይቀው መረጃውን የያዘው ድርጅት የት እንዳለ እንጂ ባለ መረጃው የማን ዜጋ እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር አይደለም፤ የሕጉ መግቢያ ይህን በግልጽ ጽፎታል። እንግዲህ ሐምቡርግ ያለ አስመጪ የአንድን የጅማ ገበሬ መገኛ ከያዘ፣ ገበሬው ከቤቱ ሳይነሳ በአንቀጽ 15 ስለ እኔ የያዝከውን አሳየኝ ማለት ይችላል። ማሳው የሞክሼው ከሆነም በአንቀጽ 16 ይታረምልኝ ይላል። የፍራንክፈርቱ ልጅ ያለው መብት ሁሉ እሱም አለው። ሕጉ ለእኛ አልተጻፈም ለሚለው ክስ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

ቁጥር 27 የቀዘቀዘ ውሃ ቸለሰባት። ማነው የሚጽፈው፣ በምን ቋንቋ፣ በማን ስልክ? ቁጥር 22 ተመልሳ ቁጥር 28 ላይ መሰከረች፦ አንድም ገበሬ ጽፎላት አያውቅም። የስምምነት ቅጹን ያየችው በጣት አሻራ ተፈርሞ፣ አንብቦ ያስረዳው ደግሞ ነጥቡን የለካው ያው ወጣት ሆኖ ነው። እሷን የሚያሳስባት ግን ሌላ ነው። ዩኒየኖቹ ዝርዝሩን ለላኪና ለአስመጪ መስጠት ይፈራሉ፤ የማን ቡና የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ በነጥብ ያወቀ ነጋዴ ነገ ዩኒየኑን ዘሎ ገበሬው ደጃፍ ይቆማል። ለገበሬው ጥሩ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ገዢው ሲቀር ግን ዩኒየኑም የለም።

ቁጥር 29 ብራስልስ የሚሠራ ሰው ነው፤ ዝርዝር ይወዳል። በ2025 ፌብሩዋሪ የአውሮፓ ኮሚሽን ማቅለል በሚል የኩባንያዎችን የዘላቂነት ሕጎች ከፍቶ፣ ዲሴምበር ላይ የተደረሰበት ስምምነት የሪፖርት ግዴታውን ከ1,000 በላይ ሠራተኛና ከ450 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሽያጭ ላላቸው ብቻ፣ አቅራቢን የመመርመር ግዴታውን ደግሞ ከ5,000 በላይ ሠራተኛና ከ1.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሽያጭ ላላቸው ብቻ አድርጎታል። የቁጥር 22 ድርጅት በሁለቱም አይያዝም ማለት ነው፤ የሚያስረው የደን ደንቡ ብቻ ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 2025 ደግሞ ተራው የጂዲፒአር ሆነ። ከቀረቡት ማሻሻያዎች አንዱ ድርጅቶች ያላግባብ የሚቀርብ የአንቀጽ 15 ጥያቄን በቀላሉ እንቢ እንዲሉ የሚያስችል ነው። ገና ሐሳብ ነው፣ ሕግ አልሆነም። ያላግባብ የሚለውን ማን ይወስናል? እዚህ ላይ ቁጥር 29ም ዝም ብሏል።

ቁጥር 30 አንቀጽ 15 ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 2ን አንብብ፣ ወንድሜ።

ቁጥር 31 ላይ ባለጉዳዩ ተመለሰ። በኮሎኟ እህት መንገድ ጽፎ፣ አንቀጽ 18ንም ጠቅሶ፣ የመታወቂያ ቅጂና ከሃይሙ የወጣበትን የአድራሻ ምዝገባ አያይዞ ልኮ ነበር። ሹፋ መዝገቡን ለይቶ ዕዳውን ከስሙ አንስቷል። ሱቁ ግን አሁንም እንቢ አለው፤ የስልክ ድርጅቱ የራሱ ሲስተም የድሮውን ውድቅታ ይዞ ቀርቷል። ቁጥር 32 አንቀጽ 19ን ጠቀሰለት፦ ሹፋ እርማቱን የተሳሳተውን መረጃ ለሰጣቸው ሁሉ ማሳወቅ አለበት፤ እነማን እንደሆኑም ብትጠይቅ ሊነግርህ ግድ ነው። ለስልክ ድርጅቱ ደግሞ የራሱ የአንቀጽ 15 ደብዳቤ፤ ካልመለሱ ቦን።

ቁጥር 33 የጠየቀችውን እኔም ሳስበው ነበር። ሹፋ ለልጁ የላከው ወረቀት የሌላ ሰው ዕዳ ዝርዝር ነበረበት። የተበደለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የዚያኛውም ገመና ለማያውቀው ሰው ተልኳል፤ እሱም ሊነገረው ይገባል።

ቁጥር 34 የባለጉዳዩ ነው። ሰውየውን አግኝቶታል፤ ሃኖፈር ነው ያለው፣ በበዓል ሰላም የሚባባሉ ናቸው። ስለ 318ቱ ዩሮ አልካደም፤ እየከፈለ ነው። ከዚያም እየሳቀ፣ ዕዳው ከመምጣቱ በፊት ቋሚ ሥራ እንኳ ሳይኖረው በጣም ውድ ስልክ በየወሩ በሚከፈል ውል ያለ አንድ ጥያቄ እንደተሰጠው፣ ያኔ ጀርመኖች እንዴት ደግ ሆኑ ብሎ እንደተገረመ ነገረው። በማን መልካም ስም እንደወሰደው አሁን ገባው። ልጁ የጠየቀን ይህ ነው፦ መዝገቡ ስለተለየ የሰውየው ነጥብ ይወርዳል፤ እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ቤት ሊከራይ ነው፤ ቀድሞ ይንገረው ወይስ ሹፋ ራሱ ይንገረው?